በር ሳለ በአጥር

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ጨዋታችንን በአንድ የቆየ ታሪክ ልጀምርልዎ። ሁለተኛው ከሊፋ ዑመር ኢብን አል ኸጣብ ከ634 እስከ 644 ድረስ የገዙ፥ በፍርዳቸው ጥብቅነት የታወቁ ሰው ነበሩ። ሌሊት ሌሊት በመዲና ከተማ እየተዘዋወሩ የሕዝቡን ኑሮ መመልከት ልማዳቸው ነበር ይባላል። አንድ ሌሊት ታዲያ በአንድ ቤት አጠገብ ሲያልፉ የዘፈን ድምፅ ሰሙ። ነገሩ አላማራቸውም፤ አጥሩን ዘለው ቢገቡ ባለቤቱን ከአንዲት ሴት ጋር፥ የሚያሰክር መጠጥም ቀርቦለት አገኙት። ከሊፋው ተቈጡ፤ አላህ ኃጢአትህን የሚሸፍንልህ መስሎህ ነበርን ብለው ገሠጹት።

ሰውየው ግን አይቸኩሉ አላቸው። እኔ ያጠፋሁት አንድ ነገር ነው፤ እርስዎ ግን በአንድ ጊዜ ሦስት አጠፉ። ቁርኣን የሰውን ገመና አትሰልሉ ይላል፤ እርስዎ ሰለሉ። ወደ ቤት በበሩ ግቡ ይላል፤ እርስዎ በአጥር ዘለሉ። ሳታስፈቅዱና ሰላምታ ሳትሰጡ ወደ ሰው ቤት አትግቡ ይላል፤ እርስዎ ሳያስፈቅዱ ገቡ። ዑመር መልስ አጡ። ይቅር ብልህ ትመለሳለህን ብለው ጠየቁት፤ እመለሳለሁ አለ፤ እሳቸውም ትተውት ሄዱ። ይህን ታሪክ በ1111 የሞተው ታላቁ ሊቅ አል ገዛሊ በመጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ናቸው ካላልኩ በቀር፥ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አሁን ደግሞ ሌላ ታሪክ ልጨምርልዎ። ይኸኛው የቅርብ ጊዜ ነው። የኢንዶኔዥያ ክፍል በሆነችው በአቼ ግዛት፥ በመጋቢት ወር 2017፥ በባንዳ አቼ ከተማ የአንድ ሠፈር ሰዎች ሁለት ወጣት ወንዶች ወደሚኖሩበት የኪራይ ክፍል ሰብረው ገቡ። ሁለቱን አብረው ተኝተው አገኟቸው፤ በስልካቸው ቀረጿቸው፤ ለሸሪዓ ፖሊስም አስረከቧቸው። ፍርድ ቤቱ 85 ጊዜ በበትር እንዲገረፉ ፈረደ፤ በእስር ለቈዩበት ጊዜ ሁለት ተቀነሰላቸው። በግንቦት ወር ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ፥ በመስጊድ ፊት ለፊት፥ እያንዳንዳቸው 83 ጊዜ ተገረፉ። በዚያው ጊዜ የኢንዶኔዥያ አገር አቀፍ የወንጀል ሕግ እንዲህ ያለውን የአዋቂ ሰዎች ግንኙነት አይቀጣም ነበር፤ የቀጣው አቼ በ2014 ያወጣችው የራሷ የሸሪዓ የወንጀል ደንብ ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱ። በመጀመሪያው አጥር ዘሎ የገባው የአገሩ ገዥ ነበር፤ ተከራክሮ የረታውም ኃጢአት ሲሠራ የተገኘው ሰው ነው። በሁለተኛው በር ሰብረው የገቡት ጎረቤቶች ናቸው፤ እነርሱን ግን ስለ በሩ የጠየቃቸው የለም። ሁለቱም የተፈጸሙት በአንድ ሃይማኖት ስም ነው። እንግዲህ በመካከላቸው ምን ተለወጠ?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪዎች ስለ ሸሪዓና ስለ ሰብአዊ መብት ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የምሰማው ሁለት ዓይነት ንግግር ብቻ ነው። አንዱ ወገን ሸሪዓ ማለት ጅራፍና ድንጋይ ነው ብሎ ይደመድማል። ሌላው ደግሞ ሰብአዊ መብት ማለት ፈረንጅ የሠራው ሃይማኖት ማፍረሻ ነው ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ጭብጨባ እንጂ ክርክር የለም። በመካከሉ የሚጠፋው ግን በበሩ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃሉ። በአማርኛ የለመድነው «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ከተቃጠለችው ከተማ የተወረሰ ነው። የዓረብኛ የሕግ መጻሕፍት ደግሞ «ሊዋጥ» ይላሉ፤ እሱም በዚያችው ከተማ ከኖረው ከነቢዩ ሉጥ፥ እኛ ሎጥ ከምንለው፥ ስም የወጣ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ፍርዱ ከስሙ ጋር አብሮ ተነግሯል። እኔ ግን ስለ ሰዎቹ ስናገር ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች እላለሁ። ስለ አንድ ሰው ለመመርመር የሚፈልግ ፍርዱን ከስሙ ላይ አንሥቶ ለጊዜው ወደ ጎን ማኖር አለበትና።

ቀጥሎ እውነቱን ሳንሸፍን እንነጋገር። ከአራቱ የሱኒ የሕግ መዝሀቦች፥ ማለት ከሐነፊ፥ ከማሊኪ፥ ከሻፊዒና ከሐንበሊ፥ በወንድና በወንድ መካከል የሚደረገውን ግንኙነት የፈቀደ አንድም የለም፤ የሺዓ ሊቃውንትም እንደዚሁ ይከለክሉታል። በዘመናችን እንደ ስኮት ኩግል ያሉ ጥቂት ሙስሊም ምሁራን የሉጥ ሕዝብ ታሪክ የሚያወግዘው ግፍንና አስገድዶ መድፈርን ነው ብለው በአዲስ መልክ ተርጕመዋል፤ ነገር ግን የእነርሱ ሐሳብ እስከ ዛሬ የጥቂቶች ሐሳብ ነው። ሃይማኖቱ የማይለውን እንዲል ማድረግ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም።

ዳሩ ግን ክልክል ነው ማለትና የዚህ ዓለም ዳኛ ይህን ያህል ይቅጣው ማለት አንድ አይደለም። ቁርኣን የሉጥን ሕዝብ ታሪክ በብዙ ሱራዎች ይተርካል፤ በትረካው ውስጥ ቅጣቱ የሚመጣው ከሰማይ ነው፤ ዳኛ የሚፈርደውን የግርፋት ቍጥር አያዝም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ስለ ቅጣቱ ሲከራከሩ ኖረዋል። ማሊኪዎች የሞት ቅጣት ይገባዋል አሉ። ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች ግማሾቹ እንደ ዚና፥ ማለት ከጋብቻ ውጭ እንደሚደረግ ግንኙነት፥ ቈጠሩት፤ ግማሾቹም ከዚያ የከበደ ቅጣት ፈረዱ። በ767 የሞተው አቡ ሐኒፋ ግን ይህ ዚና አይደለም፤ የተቈረጠ ቅጣትም የለውም፤ ዳኛው እንደ ሁኔታው አይቶ በተግሣጽ ሊቀጣ ይችላል አለ። የገዛ ደቀ መዛሙርቱ አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽ ሸይባኒ እንኳ በዚህ ከመምህራቸው ተለይተዋል። ይህን ያህል ሊቃውንት የተለያዩበትን ነገር «ሸሪዓ አንድ ቃል ተናግሯል» ብሎ ማቅረብ የሊቃውንቱን ድካም አለማወቅ ነው። ሸሪዓ የአላህ መንገድ ነው ይላሉ፤ ፊቅህ ግን ያን መንገድ ለማወቅ የሰው ልጅ ያደረገው ጥረት ነው። ሰው የደከመበት ነገር ደግሞ እንደገና ሊመረመር ይችላል።

ኢራንን ደግሞ ይመልከቱ። የዚያች አገር ሕግ ተመሳሳይ ፆታ በሚያፈቅሩ ወንዶች ላይ እስከ ሞት ይፈርዳል። ነገር ግን በ1980ዎቹ ዓመታት መሪዋ አያቶላ ኾሜይኒ፥ ወንድ ሆና ተወልዳ እንደ ሴት የምትኖረውን የማርያም ኻቱን ሞልካራን አቤቱታ ሰምተው፥ ፆታን በሕክምና መለወጥ የተፈቀደ ነው የሚል ፈትዋ ሰጡ። በአንድ አገር፥ በአንድ ሃይማኖት፥ በአንዱ በር ሞት በሌላው በር ፈቃድ ተጽፏል። ይህም ሊቃውንት ጥያቄው ሲቀርብላቸው አዲስ መልስ ሊሰጡ እንደሚችሉ ያሳያል።

አሁን ወደ አጥሩ እንመለስ። ቅጣቱን ከባድ ያደረጉት ሊቃውንት እንኳ በቅጣቱና በሰውየው መካከል ወፍራም ግድግዳ አቁመው ነበር። እንደ ዚና የሚቈጥሩት አራት ምስክሮች ድርጊቱን ራሱን በዓይናቸው አይተው እንዲመሰክሩ ይጠይቃሉ። በዚና የከሰሰ ሰው አራት ምስክር ማምጣት ካቃተው ደግሞ የሚገረፈው እሱ ራሱ ነው፤ ቅጣቱም 80 ግርፋት ነው። በ1058 የሞተው አል ማወርዲ ስለ ገበያና ስለ ሥነ ምግባር ተቈጣጣሪው ሥልጣን ሲጽፍ፥ ሹሙ በግልጽ የወጣውን ጥፋት ይከልክል እንጂ የተሰወረውን እየሰለለ አያውጣ ብሏል። በሩን እንዲገፋ የፈቀደለት ቶሎ ካልደረሱለት የማይመለስ ጉዳት ሲኖር፥ ለምሳሌ ሰው ሊገደል ነው የሚል የታመነ ወሬ ሲሰማ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ልዩነት ልብ ይበሉ። ሊቁ በሩን የከፈተው ለተጠቂ ሰው ጩኸት ነው። በበሩ ውስጥ የሚጮኽ ሰው ከሌለ ግን ነገሩ በሰውየውና በፈጣሪው መካከል እንዲቀር ተወው። ዛሬ ሕግ የተማሩ ሰዎች «ጉዳት» እና «ፈቃድ» እያሉ ከሚያስረዱት ነገር ይህ በጣም የራቀ አይመስለኝም።

ታዲያ በሩን የሰበረው ማን ነው? ብዙዎች ሸሪዓ ነው ይላሉ፤ የሕግ ታሪክ ግን ሌላም ነገር ይነግረናል። የኦቶማን መንግሥት ሡልጣን የሙስሊሞች ከሊፋ ተብሎ ይጠራ ነበር። ያ መንግሥት በ1858 የፈረንሳይን ሕግ አብነት አድርጎ ያወጣው የወንጀል ሕግ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድና በስውር የሚደረገውን ግንኙነት የሚቀጣ አንቀጽ አልነበረውም። በሁለት ዓመት ልዩነት ግን፥ በ1860፥ ክርስቲያኗ እንግሊዝ ለሕንድ ባወጣችው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 377 «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ» ያለችውን ግንኙነት እስከ ዕድሜ ልክ ግዞት በሚያደርስ ቅጣት ከለከለች። ያ አንቀጽ ወደ ዛሬዎቹ ፓኪስታን፥ ባንግላዴሽና ማሌዥያ ወረደ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 በአዋቂዎች ፈቃድ የሚደረገውን ከአንቀጹ አወጣው፤ በሦስቱ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው አገሮች ግን የእንግሊዙ ሕግ እንደቆመ ነው። የቱኒዚያም አንቀጽ 230 የወጣው በ1913፥ አገሪቱ በፈረንሳይ ጥበቃ ሥር በነበረችበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ዛሬ የአባቶቼ ሃይማኖት ነው ብሎ የሚሟገትለት አንቀጽ በባዕድ ሹም ብዕር የተጻፈ ነው።

የግብፅም ነገር እንዲሁ ነው። በግንቦት ወር 2001 የካይሮ ፖሊስ በናይል ላይ የቆመች አንዲት የጭፈራ መርከብ ከበበ። በመርከቧና በሌሎች ሥፍራዎች የተያዙ 52 ወንዶች ልዩ በሆነ የመንግሥት ጸጥታ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ስማቸው በጋዜጣ ወጣ፤ ገላቸው በሐኪም ተመረመረ፤ በኅዳር ወር 23ቱ ተፈረደባቸው። አብዛኞቹ የተፈረደባቸው በምን ሕግ ይመስልዎታል? ሴተኛ አዳሪነትን ለመከላከል በ1961 በወጣው የመንግሥት ሕግ ነው። አራት ምስክርም አልተጠየቀም። ስለላውን፥ ምርመራውንና የስሙን መታተም አል ማወርዲ ቢያይ ኖሮ ምን ይል እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም።

ሸሪዓን በስሙ የጻፉትም መንግሥታት አሉ፤ ይህን አልሸሽግም። ጎረቤታችን ሱዳን በ1983 በፕሬዚዳንት ኒሜሪ ዘመን የሸሪዓ ቅጣቶችን አወጀች። አዋጁን የተቃወመው ሙስሊም ሊቅ ማሕሙድ መሐመድ ጣሃ በጥር 1985 ተሰቀለ። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 148 ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ወንዶች 100 ጅራፍ እንዲገረፉ፥ ለሦስተኛ ጊዜ የተፈረደበትም እስከ ሞት እንዲቀጣ ደነገገ። በሐምሌ 2020 ጅራፉና ሞቱ ከአንቀጹ ተሠረዙ፤ እስራቱ ቀረ። ብሩናይም በሚያዝያ 2019 በድንጋይ መውገርን በሕጓ አስገብታ፥ ዓለም ሲጮኽ ሡልጣኗ በወሩ የሞት ቅጣት እንደማይፈጸም አስታወቁ። እነዚህ መንግሥታት ከጥንቱ ሊቃውንት ቅጣቱን ወሰዱ፤ ከቅጣቱ ጋር አብሮ የቆመውን ግድግዳ ግን ብዙ ጊዜ ትተውታል። የጥንት ዳኛ ስልክ የሚበረብር ፖሊስ፥ ቤት የሚጠብቅ ሰላይ፥ ዝርዝር የሚይዝ መዝገብ ቤት አልነበረውም።

ስለ አገራችን የሚጠይቀኝ ቢኖር፥ በእኛ ዘንድ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቍጥር 188/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) መሠረት፥ ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ፥ የጋብቻን፥ የውርስንና የመሳሰለውን ጉዳይ ያያሉ እንጂ ወንጀል አይዳኙም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ይህን ግንኙነት ሲከለክል የሚናገረው በዓለማዊ መንግሥት ስም ነው። እንግዲህ ጣታችንን ወደ አንድ ሃይማኖት ብቻ ከመቀሰራችን በፊት የራሳችንን መጽሐፍ መግለጥ ይገባናል።

ሰብአዊ መብት የሚባለውስ ምን ይላል? በታኅሣሥ 1948 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሁለንተናዊውን የሰብአዊ መብት መግለጫ ሲያጸድቅ ግብፅ፥ ፓኪስታን፥ ኢራንና ቱርክ ደግፈው ድምፅ ሰጥተዋል፤ ኢትዮጵያም ደግፋለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ድምፅ ከመስጠት ተቈጠበች። የመግለጫው 12ኛ አንቀጽ የሰው የግል ኑሮ፥ ቤተ ሰብና መኖሪያ ያለ አግባብ እንዳይደፈር ይከለክላል። በ1966 የወጣው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ስምምነት ይህንኑ በ17ኛ አንቀጹ ደገመው። ኒኮላስ ቱነን የተባለ የታስማንያ ሰው በዚሁ አንቀጽ ላይ ተመርኩዞ አገሩን አውስትራሊያን በመንግሥታቱ የሰብአዊ መብት ኮሚቴ ፊት ከሰሰ። ኮሚቴውም በ1994 አዋቂዎች በፈቃዳቸው በስውር የሚያደርጉትን ግንኙነት ወንጀል ማድረግ የግል ኑሮን መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ልብ ይበሉ፤ ያ ክርክር የተረታው ስለ በር በሚናገር አንቀጽ ነው።

በነሐሴ 1990 ደግሞ የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት አገሮች በካይሮ ተሰብስበው «የሰብአዊ መብት በእስልምና» የተባለውን መግለጫ አወጡ። ይህ መግለጫ መብቶችን ሁሉ ለሸሪዓ የሚያስገዛ ስለ ሆነ ብዙ ተነቅፏል። ነገር ግን 18ኛ አንቀጹን ያነበበ ሰው፥ ሰውን በግል ኑሮው መሰለል ክልክል እንደ ሆነ፥ መኖሪያ ቤትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንደማይገባበት ተጽፎ ያገኛል። እንግዲህ የተባበሩት መንግሥታቱና የካይሮው ወረቀት በብዙ ነገር ሲጣሉ፥ በበሩ ላይ ሲደርሱ ይስማማሉ ማለት ነው።

አንባቢዬ «እንግዲያው ነገሩ አለቀ» ይሉ ይሆናል። አላለቀም፤ አላለቀም ማለት ደግሞ ግዴታዬ ነው። ሰውን ከጅራፍ ማዳንና ሰውን እኩል ማድረግ አንድ አይደለም። የጥንቱ ሊቅ በሩን ዘግቶ ካልወጣህ አልነካህም ይላል፤ ይህ ምሕረት ነው። የሰብአዊ መብት ትምህርት ግን ከዚህ አልፎ፥ ሰው በር ዘግቶ ብቻ ሊኖር አይችልም፤ ሥራ ይሻል፥ ሐኪም ይሻል፥ ተደብድቦ ሲከስ የሚሰማው ፖሊስ ይሻል ይላል። ሁልጊዜ ተሸሽጎ የሚኖር ሰው የሚያስፈራራውና ገንዘብ የሚነጥቀው አይጠፋም፤ ለማንም አቤት አይልምና። በዚህ ላይ ሁለቱ ትምህርቶች ገና አልተገናኙም፤ ተገናኝተዋል ብሎ ማስመሰልም ለሁለቱም አይጠቅም። እኔ በበኩሌ ሕግ የሁለት አዋቂዎችን ፈቃድ መቅጣቱን ቢተው እወዳለሁ። ይህን የማይቀበል ሰው ግን ቢያንስ ቢያንስ ዑመር የተቀበሉትን ሊቀበል ይችላል።

ይህ ነገር ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ያገባዋል የሚል አይጠፋም። ያገባዋል። በባንዳ አቼ በሩን የሰበሩት ዳኞች አልነበሩም፤ ጎረቤቶች ነበሩ። የዛሬ አጥር ደግሞ ድንጋይና እንጨት ብቻ አይደለም፤ በኪሳችን የያዝነው ስልክም አጥር ነው። በግብፅ ፖሊሶች ወዳጅ መስለው በስልክ እየተጻጻፉ ብዙዎችን አጥምደዋል። በእኛ መኝታ ቤትና በእኛ መሥሪያ ቤት የጓደኛውን ስልክ ሰርቆ የሚያነብ፥ ያነበበውን በምሳ ሰዓት የሚያወራ፥ የሰው ፎቶግራፍ ለሺህ ሰው የሚያሠራጭ አለ። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት የሚጠይቅ የለም፤ አራት ምስክር አምጣ የሚለውም የለም። ልጁ ከቤቱ ይባረራል፤ ትምህርቱን ያቋርጣል፤ ከዚያ የባሰም ይደርስበታል። ወሬውን ያወራው ግን ምሳውን በልቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ነገ ጓደኛዎ ስልኩን ወደ እርስዎ አዙሮ «ይኸን ጉድ እይልኝ» ሲልዎ፥ ስለ ሃይማኖትና ስለ መብት ትልቅ ክርክር መክፈት አይጠበቅብዎትም። ይህን በየት ገብተህ አገኘኸው ብለው ይጠይቁት። ያ ጥያቄ በአንድ ሌሊት ጥብቁን ከሊፋ መልስ አሳጥቶ ወደ መጡበት መልሷል፤ ጓደኛዎንም ይመልሰው ይሆናል።

እስከ ሳምንት ደኅና ይሁኑ።